ቤቱን በአንድ ዘፈን ሸጠው

እስቲ ለአፍታ አስተርጓሚ ሁኑ። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ በወጣቶች ኅብረታችሁ ፊት ቆሞ ስለ አንድ ወዳጁ ይመሰክራል እንበል። እናንተ ከጎኑ ቆማችሁ ታስተረጉማላችሁ። እንግዳው በእንግሊዝኛ፣ «ያ ወዳጄ በጣም ቸግሮት ነበርና ቤቱን ‹ፎር ኤ ሶንግ› ሸጠው» ይላል። ቃል በቃል ከሄዳችሁ «ቤቱን ለመዝሙር ሸጠው» ማለታችሁ ነው። ጉባኤው «አሜን!» ብሎ ያጨበጭባል፤ ሰውየው ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ለመዘምራን የሙዚቃ መሣሪያ መግዣ የሰጠ መስሎታልና። እንግዳው ግራ ይጋባል። እሱ ሊል የፈለገው ሌላ ነበር። ወዳጁ ተጨንቆ ቤቱን በማይረባ ዋጋ፣ በሽርፍራፊ ሳንቲም ጣለው ማለቱ ነበር።

እንግሊዝኛ ስለ ርካሽ ዋጋ የሚናገርባቸው ብዙ አባባሎች አሉት። «ደርት ቺፕ» ሲባል እንደ አፈር የረከሰ ማለት ነው። አሜሪካውያን «ኤ ዳይም ኤ ደዝን» ይላሉ። ዳይም የአሥር ሳንቲም ስም ናት፤ አንድ ደርዘን ሙሉ በአሥር ሳንቲም የሚሸጥ ነገር የትም የሚገኝ ተራ ነገር ነው እንደ ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። አፈር በየሜዳው አለ፤ አሥር ሳንቲምም ትንሽ ገንዘብ ነው። ዘፈን ግን እንዴት የርካሽ ነገር መለኪያ ሊሆን ቻለ? ዘፈን በሚዛን አይመዘን፣ በቁና አይሰፈር። ገበያ አውጥቶ ዋጋ የተመነለት ማን ነው?

አባባሎች ብዙ ጊዜ የድሮ ገበያ ዱካ ናቸው። እኛም «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» እንላለን። ከእናንተ መካከል ቤሳ በኪሱ ይዞ የሚያውቅ የለም። ቤሳ ድሮ የነበረ ትንሽ ሳንቲም ነው። ከገበያ ከወጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ከአፋችን ግን አልወጣም። የእንግሊዞቹም አባባል እንደዚሁ ነው። ከበስተኋላው እውነተኛ ገበያ፣ እውነተኛ ሻጭ፣ እውነተኛም ሳንቲም ነበረ። አብረን ወደዚያ ገበያ እንሂድ። ከዚህ በታች የምታገኟቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዘፈን በወረቀት የሚሸጥበት ገበያ

ዘመኑ 16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ማለቂያው ነው፤ ቦታው የለንደን ከተማ። ሕዝብ በሚበዛበት የመንገድ ጥግ አንድ ሰው ቆሞ ጮክ ብሎ ያዜማል። በክንዱ ላይ ብዙ ወረቀት ተሸክሟል። የእኛ አገር ሱቅ በደረቴ ማስቲካና ሶፍት ይዞ እንደሚዞር፣ ይህም ሰው ዘፈን ይዞ ይዞራል። የሚሸጠው «ባላድ» የሚባል፣ በአንድ በኩል ብቻ የታተመ ነጠላ ወረቀት ነው። ከላይ ርእሱ፣ ከርእሱ በታች በእንጨት ላይ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል፣ ከዚያም ግጥሙ ይከተላል። ሥዕሉን አታሚዎቹ ደጋግመው ስለሚጠቀሙበት፣ ትናንት ንጉሥ የነበረው ምስል ዛሬ በሌላ ወረቀት ላይ ሙሽራ ሆኖ ይገኛል።

ዜማው በኖታ አይጻፍም ነበር ማለት ይቻላል። ከርእሱ ሥር «በእገሌ ዜማ የሚዜም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይቀመጣል። ሕዝቡ ዜማውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ካለም ከሻጩ አፍ እየሰማ ይማራል። ሻጩ የሚያዜመው ለዚሁ ነው። ማስታወቂያውም፣ የዜማ አስተማሪውም፣ ገንዘብ ተቀባዩም እሱ ነው።

ዋጋው ስንት ነበር? መጀመሪያ ላይ ግማሽ ፔኒ፣ በኋላ ደግሞ አንድ ፔኒ ገደማ። በጊዜው 12 ፔኒ አንድ ሽልንግ፣ 240 ፔኒ ደግሞ አንድ ፓውንድ ነበር። በ1600 አካባቢ በደቡብ እንግሊዝ አንድ ግንበኛ በቀን 12 ፔኒ ገደማ ያገኝ ነበር። በለንደኑ ግሎብ ቲያትር ቆሞ ተውኔት ለማየት የሚከፈለውም አንድ ፔኒ ነበር። እንግዲህ አንድ ግንበኛ ከቀን ገቢው ከአሥራ ሁለት አንዱን ካወጣ አዲስ ዘፈን ይዞ ቤቱ ይገባል። መጽሐፍ መግዛት የማይችል ሰው እንኳ ባላድ መግዛት አያቅተውም። በከተማው ከሚሸጡ የታተሙ ነገሮች ሁሉ ከባላድ የሚረክስ አይገኝም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን አባባሉ ግልጽ ይሆንላችኋል። አንድ ሰው ሰፊ ርስቱን ሸጦ የተቀበለው ገንዘብ ዘፈን ከመግዛት የማያልፍ ከሆነ፣ ርስቱን «ለዘፈን» ሸጠው ይባልለታል። ለአባባሉ በብዛት የሚሰጠው ማብራሪያ ይህ ነው።

ሁለት ታሪኮችና አንድ ጥንቃቄ

ስለ አባባሉ ምንጭ ስታነቡ የሁለት ታላላቅ ጸሐፊዎች ስም መምጣቱ አይቀርም። የመጀመሪያው ዊልያም ሼክስፒር ነው። «ኦልስ ዌል ዛት ኤንድስ ዌል» በተባለው ተውኔቱ ውስጥ አንድ ቀልደኛ አገልጋይ አለ። ይህ አገልጋይ ሲተክዝ ማዜም ስለሚወድ ወጣት ጌታው ያወራና፣ እንዲህ ዓይነት አመል የነበረው አንድ ሰው ያማረ ርስቱን በዘፈን እንደሸጠ ይናገራል። ቀልዱ ሁለት ትርጉም አለው፤ ሰውየው ዘፈን ወዳድ ነበርና ለዘፈን ሸጠ፣ ደግሞም በርካሽ ሸጠ። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልብ በሉ። ተውኔቱ መጀመሪያ በታተመበት በ1623ቱ ጥራዝ ላይ ቃሉ «ያዘ» የሚል ነው። «ሸጠ» ተብሎ የተስተካከለው በኋላ በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱን ቃላት የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ ብዙ ሊቃውንት የመጀመሪያውን የአታሚ ስሕተት አድርገው ይቆጥሩታል። «ሼክስፒር እንዲህ አለ» ብሎ ከመናገር በፊት የትኛው እትም እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ልማድ ነው።

ሁለተኛው ባለቅኔው ኤድመንድ ስፔንሰር ነው። በ1590 «ዘ ፌሪ ኩዊን» የተባለውን ረጅም ቅኔውን የመጀመሪያ ሦስት ክፍሎች አሳትሞ ለንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ አበረከተ። ንግሥቲቱ ብዙ ገንዘብ እንዲሰጠው ብታዝ፣ የግምጃ ቤት ኃላፊው ዊልያም ሴሲል «ይህ ሁሉ ለአንድ ዘፈን?» ብሎ ተቆጣ የሚል ታሪክ ይነገራል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የተጻፈው ስፔንሰር በ1599 ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ እንደ ተረት መያዙ ይሻላል። የተረጋገጠው፣ በ1591 ለባለቅኔው በዓመት 50 ፓውንድ ጡረታ የተወሰነለት መሆኑ ነው። ይህም ገንዘብ ከ12,000 የባላድ ወረቀቶች ዋጋ ጋር እኩል ነው። ሴሲል ያንን ቢል ኖሮ እንኳ ቃሉ እንዲገባ አስቀድሞ መንገድ ላይ በሳንቲም የሚሸጥ ዘፈን መኖር ነበረበት። አባባሉን የወለደው የቤተ መንግሥት ክርክር ሳይሆን የመንገድ ዳር ንግድ ነው ማለት ይቀላል።

ዘፈንና መዝሙር በአንድ ከረጢት

እስካሁን «ዘፈን» እያልኩ ስጽፍ ቅር ያላችሁ ትኖራላችሁ። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ዘፈንና መዝሙር ለየቅል ናቸው። አንዱ የዓለም ነው፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያን። እንግሊዝኛው «ሶንግ» ግን ሁለቱንም ያቅፋል። የባላድ ሻጩም ከረጢት እንዲሁ ነበር። የፍቅር ዘፈን፣ የጦርነት ወሬ፣ የወንበዴ ታሪክ፣ የስካር ቀልድ፣ ከነሱም ጋር የንስሐ ግጥም፣ የሰማዕታት ታሪክ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ታሪክ በአንድ ላይ ታጭቀው ይሸጡ ነበር። ዋጋቸውም አንድ ነበር።

ይህ ነገር አገልጋዮችን ያሳስባቸው ነበር። ኒኮላስ ባውንድ የተባለ እንግሊዛዊ ፒዩሪታን አገልጋይ በ1595 ስለ ሰንበት ባሳተመው መጽሐፍ፣ በእጅ ባለሙያዎች ሱቅና በድሃ ገበሬዎች ጎጆ ከመዝሙረ ዳዊት ይልቅ ባላድ እንደሚገኝ፣ ሰዎቹም መዝሙሩን ከማዜም ይልቅ ባላዱን ማዜም እንደሚችሉበት በቅሬታ ጽፏል። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች እንኳ ወረቀቱን ገዝተው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት ነበር፤ የሚያነብ ሰው ቤታቸው ሲመጣ ያነብላቸዋል ብለው። የባውንድ ቅሬታ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ዛሬ ስለ ስልካችሁ ውስጥ ሙዚቃ የሚነገራችሁን ምክር ያስታውሳችሁ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ በዚያው አልቀረም። በሴፕቴምበር 1580 ሪቻርድ ጆንስ የተባለ የለንደን አታሚ ስለ «ግሪን ስሊቭስ» የሚያወራ አዲስ ባላድ በአታሚዎች ማኅበር መዝገብ ላይ አስመዘገበ። «አረንጓዴ እጅጌ» ማለት ነው። ወንዱ ትታው የሄደችውን ሴት የሚወቅስበት የፍቅር ዘፈን ነበር። ዜማው ግን እየተወረሰ፣ በሌላ ግጥም እየተዜመ ዘመናትን ተሻገረ። ዊልያም ቻተርተን ዲክስ በ1865 ስለ ክርስቶስ ልደት የጻፈው «ዋት ቻይልድ ኢዝ ዚስ» የተባለ መዝሙር በዚሁ ዜማ ይዘመራል። በገና ሰሞን የእንግሊዝኛ መዝሙሮችን የሰማችሁ ሁሉ ይህን ዜማ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። መንገድ ላይ በሳንቲም የተሸጠ ዜማ ከ400 ዓመታት በኋላ በልደት በዓል ይዘመራል።

ርካሹን ወረቀት የፈሩት ታላላቆች

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ወደምለው ነገር ደርሻለሁ። ዘፈን የማይረባ ነገር ቢሆን ኖሮ መንግሥታት ባላሰቡት ነበር። እነሱ ግን ሕግ አወጡበት።

በ1543 በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን የእንግሊዝ ፓርላማ ስለ ሃይማኖት አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ የእጅ ባለሙያዎች፣ ተለማማጅ ሠራተኞች፣ ገበሬዎች፣ የቀን ሠራተኞችና ከመኳንንት ወገን ያልሆኑ ሴቶች መጽሐፍ ቅዱስን በእንግሊዝኛ እንዳያነቡ ከለከለ። በዚያው ሕግ ውስጥ፣ የሃይማኖት ትምህርትን ያጣምማሉ ተብለው ከተጠሩት ነገሮች መካከል የታተሙ ባላዶችና ዘፈኖች ይገኛሉ። እስቲ አስቡት፤ መጽሐፍ ቅዱስና የግማሽ ፔኒ ወረቀት በአንድ ሕግ ውስጥ!

ከመቶ ዓመት በኋላ ንጉሡ ተሽሮ ፓርላማ አገሩን በሚገዛበት ጊዜም ነገሩ አልተለወጠም። በ1649 የወጣው የሕትመት ሕግ ባላድ የሚያዜሙ አዟሪዎች ተይዘው ወረቀታቸው እንዲወሰድ፣ እነሱም ወደ ማረሚያ ቤት ተወስደው እንዲገረፉ አዘዘ። ንጉሡም፣ ንጉሡን የሻሩትም ይህን ሻጭ ፈሩት።

ያስፈራቸው ምን ነበር? መጽሐፍ ማንበብን ይጠይቃል፤ ዘፈን ግን ጆሮ ብቻ ይበቃዋል። መጽሐፍ ይወረሳል፣ ይቃጠላል፤ አንዴ በቃል የተያዘን ዘፈን ግን ከሰው አፍ መንጠቅ አይቻልም። ደግሞ ርካሽ ነው። ርካሽነቱ ጉልበቱ ነበር።

የሸማኔው ወረቀት

ለዚህ ምስክር የሚሆነን አንድ እንግሊዛዊ ወደ ጀርመን አገር ይመራናል። ማይልስ ካቨርዴል በ1535 የመጀመሪያውን ሙሉ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ አሳትሞ ያወጣ ሰው ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ትንሽ የመዝሙር መጽሐፍም አዘጋጅቶ ነበር። ጋሪ ነጂው፣ አራሹና ፈታይዋ ሴት በሥራቸው ላይ ሳሉ ተራ ዘፈን በመዝፈን ፈንታ እነዚህን እንዲዘምሩ ምኞቱ እንደሆነ በመግቢያው ገልጿል። መጽሐፉ በ1546 ከታገዱትና ከተቃጠሉት መጻሕፍት መካከል አንዱ ሆነ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቀው ሙሉ ቅጂ አንድ ብቻ ሲሆን በኦክስፎርድ ኩዊንስ ኮሌጅ ይገኛል። ካቨርዴል ብዙዎቹን መዝሙሮች የተረጎመው ከጀርመንኛ፣ ከማርቲን ሉተርና ከባልንጀሮቹ ነበር።

ሉተር መዝሙር መጻፍ የጀመረውም በዚሁ የመንገድ ላይ ባላድ ዓይነት ነው። ጁላይ 1 ቀን 1523 በብራስልስ ከተማ ሃይንሪኽ ፎስና ዮሐንስ ኤሽ የተባሉ ሁለት ወጣት መነኮሳት የተሐድሶውን ትምህርት አንክድም በማለታቸው በእሳት ተቃጠሉ። ሉተር ይህን ሲሰማ የሁለቱን ሞት የሚተርክ ዘፈን ጻፈ። በዘመኑ የወሬ ዘፈን ይባል የነበረውን ዓይነት ተከትሎ ነው የጻፈው፤ አዲስ ነገር በአገር ሲሰማ አዟሪዎች በዜማ የሚያወሩትን ዓይነት። ሰማዕታቱን ያቃጠሉት ሰዎች ዝም ያሰኟቸው መስሏቸው ነበር፤ ነገር ግን በየገበያው ስማቸው ይዜም ጀመር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ሜይ 6 ቀን 1524፣ በማግደቡርግ ከተማ የገበያ አደባባይ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ቆመ። በእጁ የታተሙ ወረቀቶች ይዟል። ከመዝሙር 130 እና ከመዝሙር 67 የተወሰዱትን የሉተር መዝሙሮች እያዜመ ወረቀቱን ለሕዝቡ ይሸጣል። የከተማው ከንቲባ ይህን ሰምቶ ሸማኔውን አሳሰረው። ወሬው በከተማው ሲዳረስ ግን ብዙ ነዋሪዎች ተሰብስበው ወደ ከተማው ምክር ቤት ሄዱና ሰውየው እንዲፈታ ጠየቁ። ተፈታም። ያ ዓመት ሳያልቅ የማግደቡርግ አብያተ ክርስቲያናት በብዛት ከተሐድሶው ጋር ወገኑ።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ሸማኔው ለአንድ ወረቀት የተቀበለው ጥቂት ሳንቲም ነው። የከተማው ሰዎች ስለዚያ ወረቀት ከከንቲባቸው ጋር ፊት ለፊት ተጋጠሙ። የዘፈኑ ዋጋ የትኛው ነው? ሳንቲሙ ነው ወይስ የሕዝቡ ድፍረት?

አባባሉ የሚናገረው ስለ ወረቀቱ ነው። የወረቀቱ፣ የቀለሙና የአዟሪው ድካም ተደምሮ አንድ ፔኒ ወጣበት። ሰው ግን ሳንቲሙን አየና ዘፈኑም ያው ነው አለ። የገዛንበትን ዋጋ የነገሩ ዋጋ አድርገን እንወስዳለን። ቋንቋም ይህን ስሕተት እስከ ዛሬ ይዞት ይኖራል።

ርካሽ ነገር ለምን ይጠፋል?

ይህ ስሕተት ጉዳት አለው። ርካሽ ነው የተባለ ነገር ጠባቂ አይኖረውም። ከእነዚያ ወረቀቶች አብዛኞቹ ግድግዳ ላይ ጠቁረው፣ ዕቃ ተጠቅልሎባቸው፣ የመጋገሪያ ዕቃ ላይ ተነጥፈው አልቀዋል። «ግሪን ስሊቭስ» እንኳ ግጥሙ ለእኛ የደረሰው ያው ጆንስ በ1584 ባሳተመው የግጥም ስብስብ አማካይነት ነው።

የቀሩት የቀሩት ጥቂት ሰዎች ስለሰበሰቧቸው ነው። ከነዚህ አንዱ ሳሙኤል ፒፕስ ነው። ፒፕስ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባለሥልጣን ነበር፤ በ1660ዎቹ የጻፈው የቀን ማስታወሻውም ዝነኛ ነው። ጆን ሴልደን የተባለ የሕግ ሊቅ የጀመረውን የባላድ ስብስብ ተረክቦ አበዛው፤ ከ1,800 በላይ ወረቀቶችን በአምስት ጥራዝ አስተካክሎ አስቀመጠ። በጃንዋሪ 2 ቀን 1666 ማስታወሻው ላይ አንዲት ተዋናይት «ባርባራ አለን» የተባለውን የስኮትላንድ ዘፈን ስታዜም ሰምቶ ደስ እንዳለው ጽፏል። ስለዚያ ዘፈን እስካሁን የታወቀው የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስረጃ ይህ የፒፕስ አንድ መስመር ነው። ፒፕስ በ1703 ሞተ፤ መጻሕፍቱም በ1724 ወደ ካምብሪጅ ማግደሊን ኮሌጅ ገቡ፤ ዛሬም በዚያ አሉ። ያኔ አንዱ በፔኒ የተገዛውን ወረቀት ዛሬ ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር መጥተው በጥንቃቄ ይመለከቱታል። ኮሌጁ «ለዘፈን» አይሸጠውም።

መጽሐፍ ቅዱሳችሁንም በዚህ ዓይን እንድታነቡት እጋብዛችኋለሁ። በማቴዎስ 10፥29 ሁለት ድንቢጦች በአንዲት ትንሽ ሳንቲም እንደሚሸጡ ተጽፏል። በሉቃስ 12፥6 ደግሞ አምስቱ በሁለት። ሒሳቡን ሥሩት። በአንድ ሳንቲም ሁለት ከሆነ በሁለት ሳንቲም አራት ነው። አምስተኛዋ ምራቂ ናት ማለት ነው፤ ሻጩ ዋጋ ሳያወጣላት ጨምሮ የሰጣት። ሳንቲሟ በግሪኩ አሳሪዮን ትባላለች፤ የአንድ ዲናር አሥራ ስድስተኛ ነበረች፤ ዲናር ደግሞ በማቴዎስ 20 እንደምታነቡት የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ኢየሱስ የገበያውን ዋጋ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ከአምስቱ አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ፊት አልተረሳችም ሲል፣ ምራቂዋንም ቆጥሯታል።

እናንተስ?

አሁን ወደ ራሳችን ልመልሳችሁ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ለንደንና ስለ ማግደቡርግ እንድታውቁ ብቻ አይደለምና። የቤተ ክርስቲያናችሁን ሽማግሌዎች ጠይቁ። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ ሲሰበሰቡ፣ መዝሙር በእጅ በተጻፈ ደብተርና ከካሴት ወደ ካሴት እየተቀዳ ከቤት ወደ ቤት ይዞር ነበር። ወረቀቱ ርካሽ ደብተር ነበር፤ ካሴቱም ተቀድቶ ተቀድቶ ድምፁ የሻከረ ነበር። ሰዎች ግን ተደብቀው ይዘምሩት ነበር፤ ስለ መዘመራቸውም የታሰሩ አሉ።

ያ ደብተር ዛሬ የት ነው? አንዳንዱ በሳጥን ሥር አለ፤ አንዳንዱ ቤት ሲጸዳ ተጥሏል። ካሴቱን የሚያጫውት ቴፕ በየቤቱ የለም። እሁድ እሁድ ከምትዘምሯቸው የቆዩ መዝሙሮች መካከል ስለ ስንቶቹ «ማን ደረሰው? መቼ? ምን ደርሶበት?» ተብላችሁ ብትጠየቁ መልስ አላችሁ? ዛሬ መዝሙር በስልክ በአንድ ንክኪ፣ በነጻ ይደርሰናል። ከባላዱም ረከሰ። በነጻ የመጣ ነገር ደግሞ ስልክ ሲጠፋ ወይም ሲሞላ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ለወጣቶች ኅብረታችሁ አንድ ሥራ ልስጥ። አንድ ጥሩ ደብተር ግዙ። በቤተ ክርስቲያናችሁ ዕድሜ የጠገቡ አባቶችንና እናቶችን ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ጎብኟቸው። በወጣትነታቸው የሚዘምሩትን፣ አሁን የማይዘመረውን አንድ መዝሙር እንዲያዜሙላችሁ ለምኗቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። ግጥሙን ሙሉውን ጻፉ። ከሥሩ አራት ነገሮችን አስፍሩ፦ ማን እንደደረሰው፣ በየት አገርና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተዘመረ፣ እነሱ ከማን እንደሰሙት፣ በዚያን ጊዜ ምን እየሆነ እንደነበረ። የማያስታውሱትን ክፍት ተዉት እንጂ በግምት አትሙሉት። ደብተሩን አንድ ቅጂ አድርጉና አንዱን በቤተ ክርስቲያን ቢሮ፣ ሌላውን በሌላ ቤት አስቀምጡ።

ምናልባት የመጀመሪያዋ እናት፣ «ልጆቼ፣ ይህ ምን ይጠቅማችኋል? የድሮ መዝሙር እኮ ነው» ይሏችሁ ይሆናል። እናንተ ብዕራችሁን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያኔ መጻፍ ጀምሩ።